ለጣርማበር ካርቦን ፋይበር ወይስ ዝናብ መለኪያ?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ዋና ጠላቱ ዝገት አይደለም። ውሃ ነው።

ይህን ገና ከጅምሩ የማነሳው በምክንያት ነው። ስለ ካርቦን ፋይበር፣ ስለማይዝግ ፌሮ፣ ከሩቅ ሆነው መረጃ ስለሚልኩ ሴንሰሮች ብዙ ይወራል። አብዛኛው ወሬ ግን የተቀዳው ችግራቸው ከእኛ ከሚለይ አገሮች ነው። ካናዳን እንውሰድ። በበረዶ ወራት መንገዱ እንዳያንሸራትት ጨው ይበተንበታል። ጨዉ ከሚቀልጠው በረዶ ጋር አርማታው ውስጥ ሰርጎ ይገባና ፌሮውን ይበላዋል። የዛገ ብረት ደግሞ ያብጣል። ከቀድሞው መጠኑ ሁለት ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቦታ ይይዛል። ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። በዚህ የተማረሩት የካናዳ መሐንዲሶች ከመስታወት ፋይበር የተሠራ ፌሮ ድልድዮቻቸው ላይ መጠቀም ጀመሩ፤ ሠራላቸውም። እዚሁ መንገድ ላይ ባለው ከፍተኛ ቦታ፣ ጣርማበር ላይ ግን ጨው የሚበትን የለም።

ቴክኖሎጂው አይጠቅመንም እያልኩ አይደለም። ይጠቅመናል። ክርክሬ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ለሰሜን ሸዋ ከውዱ ቁስ በፊት ርካሹ መለኪያ ይቅደም ባይ ነኝ። ከመለኪያውም በፊት ቁጥሩን አይቶ "መንገዱ ይዘጋ" የሚል ባለቤት መታወቅ አለበት።

መሬቱ ራሱ ሲሄድ

የመንገዱን ከፍታ ብቻ ማየት በቂ ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ መንገዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስቆፈረው፣ 600 ሜትር ገደማ በሚረዝመው ዋሻ ያልፍና በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በታች ነው። ጣርማበር ላይ ጋቢ የደረበ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጥላ ይፈልጋል።

ይህ ቁልቁለት የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። ዓለቱ በአብዛኛው ባዛልት ነው። ጂኦሎጂስቶች አንዱን ትልቅ የባዛልት ንብርብር በጣርማበር ስም እስከ መጥራት ደርሰዋል። ባዛልቱ ብቻውን ቢሆን ጥሩ ነበር። በመካከሉ ግን የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች አሉ። አመዱ በዘመናት ሲበሰብስ ወደ ሸክላ ይለወጣል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በተሰነጣጠቀው ዓለት ውስጥ ሰርጎ ይወርድና ሸክላው ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል። እዚያው ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ውሃ ከላዩ ያለውን አፈርና ድንጋይ ከሥር ይገፋዋል። ያን ሁሉ ጭነት ሸክላው ላይ ይዞት የነበረው መያዣ ይላላል። የቀረውን ቁልቁለቱ ይጨርሰዋል።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ ከደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ በሚባለው አካባቢ መሬቱ ከነቤቱ ከነማሳው ተንሸራቶ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቅቋል። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው የመሬት መንሸራተት አገሩን ሁሉ ሲያስደነግጥ፣ ለደብረ ሲና ሰው ግን ነገሩ አዲስ አልነበረም።

የመሬት መንቀጥቀጡም አለ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6 ተኩል ገደማ ነበር። ማጀቴን አፈራረሳት። ወደ ሰሜን የሚሄደውን ዋና መንገድም ሰነጣጠቀው፤ ናዳም ጫነበት። የቅርቡን ደግሞ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። በመስከረም 2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የጀመረው መንቀጥቀጥ ታኅሣሥ 26 ቀን 5.7 ደረሰ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ደረጃ ሲወርድ አደረ። ቦታው ከሰሜን ሸዋ ቆላ፣ ከምንጃርና ከበረኸት ሩቅ አይደለም። በዚያ ሰሞን ከሁሉ በላይ መነጋገሪያ የሆነው ከሰም ግድብ ነበር። ግድቡ የሚገኘው አፋር ውስጥ ቢሆንም ውሃው የሚመጣው ከሸዋ ደጋ ነው። 90 ሜትር ገደማ ቁመት አለው፤ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል። ሰዉ ሁሉ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ግድቡ ደህና ነው ወይ?

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ "ደህና ነው" ማለት መልስ አይሆንም። መልሱ ቁጥር ነው። ትናንት ስንት ነበር፣ ዛሬስ ስንት ነው የሚል።

ስለ ቁሱ

ኮምፖዚት የሚባለው ቁስ ጠንካራ ቀጫጭን ክሮች በሙጫ ተይዘው የሚሠራ ነው። ጉልበቱ የክሩ ነው። ሙጫው ክሩን አንድ ላይ ይዞ ጫናውን ያከፋፍልለታል። ክሩ መስታወት ከሆነ ፋይበርግላስ እንለዋለን። በአዳማ በኩል ያለፈ ሰው የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹን ረጃጅም ክንፎች ሳያይ አይቀርም፤ እነሱ ከዚሁ ወገን ናቸው። ክሩ ካርቦን ሲሆን ደግሞ በጣም ጠንካራና በጣም ውድ ይሆናል።

ግንባታ ውስጥ በብዛት የሚገባው በሁለት መልክ ነው። አንደኛው ፌሮ ነው። የመስታወት ፋይበር ፌሮ ክብደቱ የብረቱን ሩብ ያህል ነው። ሲጎተት የሚችለው ጉልበትም ከተለመደው ፌሮ ይበልጣል። እዚህ ድረስ ሻጩ ይነግራችኋል። የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ይህ ፌሮ ሲጫን ከብረት አራት እጥፍ ያህል ይሳባል። በብረት የተሰላ ወለል ላይ እሱን በልኩ ብትተኩት ወለሉ ይጎብጣል፤ ስንጥቁም ይሰፋል። ስሌቱ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። በዚያ ላይ ብረት ከመበጠሱ በፊት ይለጠጣል፤ ሰው ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ይህኛው አይለጠጥም፤ ድንገት ይበጠሳል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ፌራዮ ሳይት ላይ ሊያጥፈው አለመቻሉ ነው። እያንዳንዱ ስታፋ፣ ማለትም ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት፣ ከፋብሪካ ታጥፎ መምጣት አለበት። እዚህ አገር ሥራ ከተጀመረ በኋላ ስዕል ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ሳይት ላይ የዋለ ያውቀዋል።

ሁለተኛው መልክ ለጥገና የሚሆነው ነው። ካርቦን ፋይበር እንደ ስስ ጠፍጣፋ ወይም እንደ ጨርቅ ሆኖ የደከመ አርማታ ላይ ይለጠፋል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሉሰርን አጠገብ ያለው የኢባኽ ድልድይ በዚህ መንገድ የተጠገነው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። 175 ኪሎ ብረት የሚጠይቀውን ሥራ 6.2 ኪሎ ካርቦን ፋይበር ተካው። ክሬን አላስፈለገም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ከተመታች በኋላ ጃፓኖች የድልድይና የሕንፃ ምሰሶዎችን በዚሁ ጨርቅ መጠቅለልን በሰፊው ተያያዙት። የተጠቀለለ ምሰሶ ሲናወጥ ኮንክሪቱ ተፈርፍሮ አይበተንም። ለሰሜን ሸዋ ከኮምፖዚት ሁሉ ይህኛውን እመርጣለሁ። አዲስ ለመሥራት ሳይሆን ያለውን ለማትረፍ። የትምህርት ቤት ምሰሶ፣ የጤና ጣቢያ ምሰሶ፣ ዋናው መንገድ ላይ ያለ የድልድይ እግር።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ የኮንክሪቱ ገጽ ጠጠሩ እስኪታይ በመፍጫ ይላጋል። የምሰሶው ማዕዘን ይከረከማል፤ ስለታም ከሆነ ክሩን ይቆርጠዋል። አቧራው ይነፋል። ከዚያ ኤፖክሲ የተባለው ሁለት ክፍል ያለው ማጣበቂያ ተመዝኖ ይቀላቀላል። በዓይን ግምት አይሆንም። መጀመሪያ ይቀባል፣ ጨርቁ ይጠቀለላል፣ በሮለር እየተጫነ አየሩ ይወጣል፣ እንደገና ይቀባል። ሲጠነክር በትንሽ መዶሻ ቆርቆር እያደረጉ ይመረምሩታል። ባዶ ድምፅ የሰጠበት ቦታ አልያዘም።

አሁን ይህን ደብረ ብርሃን ላይ አስቡት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። አብዛኛው ኤፖክሲ ደግሞ ከ5 ወይም ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይጠነክርም። ማለዳ ኮንክሪቱ ላይ የሚያድረው ጤዛ ማጣበቂያው እንዳይዝ ያደርገዋል። ክረምት እንዳይሠራ ዝናቡ አለ። ስለዚህ የሥራው ጊዜ በጋ፣ ሰዓቱም ከረፋድ እስከ ከሰዓት ነው። የተሠራውንም ሌሊት ሸፍኖ ማሞቅ ያስፈልጋል። ይህን ያላሰፈረ የጨረታ ሰነድ ከታተመ ካርቦን ፋይበሩ ላይ የወጣው ገንዘብ ከግድግዳው ጋር ይላቀቃል።

ገንዘቡን ካነሳን፣ ቁሱ የሚገባው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። በሌላ በኩል ሲሚንቶው እዚሁ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የለሚ ፋብሪካ ሥራ ላይ ነው።

ኮምፖዚት አንድ ብዙ የማይወራለት ጥቅም ግን አለው። ቆራሌው አይገዛውም። የኤሌክትሪክ ማማ ብረት እየተፈታ ሲሸጥ፣ የመንገድ ዳር መከላከያ ብረት ሲነቀል በተደጋጋሚ ሰምተናል። ፋይበርግላስ ቀልጦ የሚሸጥበት ገበያ የለም። መከላከያ፣ የእግረኛ ድልድይ ወለል፣ የመብራት ምሰሶ በዚህ ቢሠራ ሌባው ምን ሊያደርግለት ይነቅለዋል? ከቴክኒኩ ሁሉ ይልቅ ይህ ነገር ለእኛ ሚዛን ሊደፋ ይችላል።

የባዛልቱን ነገር ያነሳ ሰው አይጠፋም። ባዛልት በ1,400 እና በ1,500 ዲግሪ መካከል ቀልጦ ሲሳብ ፋይበር ይወጣዋል። ከመስታወት ፋይበር ጋር የሚፎካከር ፌሮ ይሠራበታል። ታዲያ ጣርማበር ሙሉ ባዛልት አይደለም እንዴ? ነው። ግን ማንኛውም ባዛልት አይሆንም። በውስጡ ያለው ሲሊካ በተወሰነ ልክ መሆን አለበት፤ ከቦታ ቦታም መለዋወጥ የለበትም። ማቅለጫው ሌት ተቀን የማይቋረጥ ኃይል ይፈልጋል። ክሩ የሚሳብበት ቀዳዳ የሚሠራው ከፕላቲኒየም ቅይጥ ነው። ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግሩም የምርምር ርዕስ ይሆናል። ለዘንድሮ መንገድ ግን አይደርስም።

ዘንድሮ የሚደርሰው ብዙም የማያጓጓው ነው። ጂኦቴክስታይልና ጂኦግሪድ። የመጀመሪያው ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ ነው፤ ሁለተኛው አፈር የሚይዝ ጠንካራ መረብ ነው። በጥብቅ ትርጉም ኮምፖዚት ባይባሉም ዘመዳሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ በሰንዳፋና በሸኖ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣው ሜዳ ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አስፋልቱንም ይዞት ይነሳል ይወድቃል። መረቡ ከአስፋልቱ ሥር፣ ጨርቁ ከጠጠሩና ከዋልካው መካከል ሲገባ መንገዱ ዕድሜ ያገኛል። ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ከድጋፍ ግንቡ ጀርባ ጨርቅ የለበሰ ጠጠር ከተሞላ ውሃው ግንቡን ሳይገፋ ይወርዳል። ግንብ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ አፈሩ አይደለም። መውጫ ያጣው ውሃ ነው።

ስለ ሴንሰሩ

ሴንሰር ሲባል የሚመጣልን ውስብስብ ነገር ነው። በግድብና በዋሻ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የታመነው መሣሪያ ግን ክራር የሚመታ ሰው በደንብ ይገባዋል። ብረት ቱቦ ውስጥ አንዲት ሽቦ ተወጥራ ትቀመጣለች። ኤሌክትሪክ ማግኔት ይነካትና ትነዝራለች። ስትጠብቅ ድምጿ ይቀጥናል፣ ስትላላ ይወፍራል። ኮንክሪቱ በፀጉር ስፋት እንኳ ቢሳብ ቅኝቱ ይለወጣል። መሣሪያው ያንን ለውጥ ቁጥር አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይኸው አሠራር ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ የውሃ ግፊት ይለካል። ቅድም ያልነው ሸክላው ላይ የሚጠራቀም ውሃ ምን ያህል እየገፋ እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነው። ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ባትሪና ሲም ካርድ ከተጨመረበት ቁጥሩ ደብረ ብርሃን ቢሮ ድረስ ይመጣል።

የቁጥሩ አነባበብ ግን ልምድ ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ላይ የቀንና የሌሊቱ ሙቀት በጣም ይራራቃል። 30 ሜትር የሚረዝም ድልድይ የአካሉ ሙቀት በ20 ዲግሪ ቢለዋወጥ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። ይህ ጤነኛ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በየማለዳው ማንቂያ ይደውላል። ከሳምንት በኋላ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሴንሰር ጎን ቴርሞሜትር አለ፤ ቢያንስ የአንድ ዓመት መዝገብም ያስፈልጋል።

ድልድዮቻችንን የሚጥላቸው ብዙ ጊዜ ከላይ ያለው ጭነት አይደለም። ጎርፍ ነው። ከደጋው የሚወርዱት የጀውሃ፣ የሮቢትና የአጣዬ ወንዞች በጋ ላይ ልጅ የሚሻገራቸው ናቸው። ክረምት ላይ ድንጋይ እያንከባለሉ ይመጣሉ። የድልድዩን እግር ከሥሩ ይፈለፍሉታል። ጎርፉ ሲጎድል ጉድጓዱን ደለል መልሶ ይሞላዋል፤ በማግስቱ የመጣ መርማሪ ምንም አያይም። ለዚህ ድልድዩ ሥር የሚሰቀል የውሃ ከፍታ መለኪያ፣ ከላይ ተራራው ወገብ ላይ ደግሞ ዝናብ መለኪያ ቢኖር ሾፌሮችን ቀድሞ ማስቆም ይቻላል። ካርቦን ፋይበር እዚህ ቦታ ላይ ምንም አይሠራም።

ከሰማይ የሚመጣው መረጃ ደግሞ የሚገርመው በነፃ መሆኑ ነው። የአውሮፓ ሴንቲኔል-1 የተባሉት ሳተላይቶች 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው የራዳር ሞገድ ወደ መሬት ይልካሉ። አንዱ ሳተላይት በየ12 ቀኑ በዚያው መስመር ይመለሳል። የሁለቱ ቀን ሞገዶች ሲነጻጸሩ መሬቱ በሴንቲ ሜትር፣ መረጃው ሲበዛ ደግሞ በሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደሄደ ይታወቃል። የአዋሽ ፈንታሌው መሬት ከሥሩ ቅልጥ ዓለት ሲገባበት እንዴት እንደተከፈተና እንደረገበ ተመራማሪዎች የተከታተሉት በዚህ ነው። የራሳችን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ታኅሣሥ 2012 ከቻይና የመጠቀችው፣ ፎቶ አንሺ ነበረች። ፎቶ ለእርሻ ጥሩ ነው። መሬት በሚንሸራተትበት በሐምሌ ግን ጣርማበር በደመናና በጉም ተሸፍኗል። ራዳር ደመና አያግደውም።

ይህም የራሱ ጉድለት አለው። እህል ወይም ቁጥቋጦ የሸፈነው ቦታ ላይ ሞገዱ ይበተናል። ሐምሌ 23 ቀን 2017 የመጠቀው የአሜሪካና የሕንድ ሳተላይት ኒሳር ረዘም ያለ ሞገድ ስለሚጠቀም በዚህ በኩል የተሻለ ያያል። ሌላው ነገር ሳተላይት ቀስ ብሎ የሚሄደውን መሬት እንጂ በአንድ ሌሊት የሚናደውን አስቀድሞ አይይዝም። ጣሊያን ጄኖቫ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የ43 ሰው ሕይወት የቀጠፈው ሞራንዲ ድልድይ ከወደቀ በኋላ አንድ የተመራማሪ ቡድን "ሳተላይቱ ቀድሞ አሳይቶ ነበር" አለ። ሌላው ቡድን ያንኑ መረጃ አይቶ "አላሳየም" ሲል ተከራከረው። ስለዚህ ሳተላይቱ የት እንደምንፈራ ይጠቁመናል። መፍራታችን ልክ መሆኑን የሚያረጋግጠው መሬት ላይ ያለው መሣሪያ ነው።

በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት ባለሙያ መሣሪያ ጭኖ እንደልቡ ገደል ለገደል ሊዞር አይችልም። ይህም ለጊዜው ሳተላይቱን ያስመርጣል። እያንዳንዱን ስንጥቅ ሄዶ ማየት በማይቻልበት ወቅት ቢያንስ የትኛው ቀበሌ ቀድሞ መታየት እንዳለበት ይለያል።

ከዘመናዊው መሣሪያ ጎን ምንም ኤሌክትሪክ የማይፈልገውም አለ። ስንጥቅ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ችንካር ይመታል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሳምንቱ በሜትር ይለካል፤ ደብተር ላይ ይጻፋል። የተጣመመ ዛፍ፣ ትናንት ያልነበረ ምንጭ፣ አልዘጋ ያለ በር፣ እነዚህን ሁሉ ገበሬው ከማንም ቀድሞ ያያል። የሚናገርበት ስልክ ቁጥርና የሚመዘግብለት ሰው ካገኘ እሱም የመረቡ አካል ነው።

ቁጥሩን ማን ያየዋል?

አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2007 አንድ ትልቅ የብረት ድልድይ መኪኖቹን እንደያዘ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። 13 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ብረቶቹን የሚያያይዙት ሰሌዳዎች ሲነደፉ ጀምሮ እንደሳሱ አገኘ። የሚያናድደው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሱ ፎቶዎች ላይ ሰሌዳዎቹ ሲጎብጡ ይታያል። መረጃው ነበረ። አይቶ የወሰነ አልነበረም። በምትኩ የተሠራው ድልድይ ከ300 በላይ ሴንሰሮች ተገጥመውለት በቀጣዩ ዓመት ተከፈተ። እኔን የሚያሳስበኝ ሴንሰሮቹ ሳይሆኑ እነዚያ ፎቶዎች ናቸው። ያለ ባለቤት የተቀመጠ መረጃ ከሌለ አይሻልም።

ጃፓን ውስጥ ባቡር መስመር ላይ ያለ ዝናብ መለኪያ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ባቡሩ ይቀዘቅዛል፤ ሌላውን ልክ ሲያልፍ ይቆማል። ማንም ስብሰባ አይጠራም። ሆንግ ኮንግም እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በዝናብ መለኪያዎች ላይ የተመሠረተ የመሬት መንሸራተት ማስጠንቀቂያ አላት። ሁለቱም ጋ ከመሣሪያው ይልቅ ዋጋ ያለው ደንቡ ነው። ይህን ያህል ከዘነበ ይህ ይደረጋል። አለቀ።

በእኛ አገር ልምዱ የለም ማለት አይቻልም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወርደው የዓባይ በረሃ መንገድ በመንሸራተት ሲሰቃይ ከ2002 ዓ.ም. በኋላ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይና የጃፓኑ የዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ጃይካ አብረው አጥንተውታል። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የመሬት እንቅስቃሴና የዝናብ መለኪያ ተተክሎ የትኛው ተዳፋት እንደሚሄድ ታይቷል። ጎሃ ጽዮንም ሰሜን ሸዋ ናት፤ በኦሮሚያ በኩል ያለችው። ያ ዕውቀት ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ለመምጣት ውቅያኖስ መሻገር አይጠበቅበትም። አንኮበርም የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ካላቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

ጣርማበር ላይ የሚጎድለው ታዲያ ምንድን ነው? ዋናው መንገድ የፌዴራል ነው፤ በመንገዶች አስተዳደር ሥር ነው። ተዳፋቱ ላይ ያለው ማሳ የገበሬው ነው። ሕዝቡን የማስነሳት ሥራ የወረዳውና የዞኑ ነው። ዝናቡን የሚለካው ሜቲዎሮሎጂ ነው። ሳተላይቱን የሚያነበው አዲስ አበባ ያለው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ወይም ዩኒቨርሲቲ ነው። አምስቱም ሥራቸውን በትክክል ቢሠሩ እንኳ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ተሳቢዎቹን ደብረ ሲና ላይ ማን ያስቁማቸው? መንገዱ መሐል አገርን ከወሎና ከትግራይ ያገናኛል። ሳይናድ የዘጋው ሰው በማግስቱ "ምን አስበህ ነው?" መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ማንም መዝጋት አይፈልግም። ይህን የሚፈታው ሴንሰር አይደለም። ቀድሞ የተፈረመ አንድ ገጽ ደንብ ነው። ልኩ ካለፈ የተረኛው ባለሙያ ይዘጋል፤ ባይናድም አይጠየቅም የሚል።

የመነሻው ወጪ ብዙ አይደለም። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት በተለያየ ከፍታ አራት አምስት ዝናብ መለኪያ። በጣም በሚያሰጉት ተዳፋቶች ላይ ጥቂት የውሃ ግፊት መለኪያ ጉድጓዶች። ሁለት ሦስት ድልድዮች ሥር የውሃ ከፍታ መለኪያ። የሳተላይቱን መረጃ በየ12 ቀኑ አውርዶ የሚያነብ፣ ደሞዝ የሚከፈለው አንድ ወጣት። ካርቦን ፋይበሩ ከዚህ በኋላ፣ መረጃው "ይህ ምሰሶ" ብሎ ለጠቆመው ምሰሶ ይመጣል።

መንገዱ በስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ መዘጋት እንዳለበት ከሆንግ ኮንግም ከጃፓንም ገልብጦ ማምጣት አይቻልም። የጣርማበር አመድና ባዛልት የራሱ ልክ አለው። ያን ልክ ለማወቅ ቢያንስ የሁለት ሦስት ክረምት መዝገብ፣ ዝናቡና የናዳው ቀን ጎን ለጎን የተጻፈበት፣ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ክረምት እንዳያመልጥ መለኪያዎቹ ሰኔ ከመግባቱ በፊት መተከል አለባቸው።